ደሴና አሌክሳንድሪያ፦ የጠጪ ቤተሰብ ማን አለው?

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞትበት ማንም ብቻውን አያለቅስም። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ አለ። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ጎረቤቱ እንጀራውን ይዞ ይመጣል። በዚህስ አንታማም። ልጁ ጠጪ የሆነበት ቤት ግን ድንኳን አይተከልለትም። እናት በሩን ገርበብ አድርጋ እስከ እኩለ ሌሊት ትጠብቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጁ በየትኛው አረቄ ቤት ስንት ብር ዱቤ እንዳለበት ሳይቀር ያውቃል። ፊቷ ላይ ግን ማንም አያነሳባትም፤ እሷም ትንፍሽ አትልም። ገመና ነዋ።

እኔ የምኖርበት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጎረቤትህ መሞቱን የምትሰማው ቤቱ ለሽያጭ ሲወጣ ነው። ቤትህ ውስጥ ጠጪ ካለ ግን አንተ ራስህ የምትሄድበት ቦታ አለ። አል-አኖን የሚባል የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር ነው። ኤኤ የሚባለውን፣ መጠጥ ለመተው የሚረዳዱትን የጠጪዎቹን ማኅበር በ1935 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ የጀመሩት አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም ናቸው፤ ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ። ባሎቹ ሲሰበሰቡ ሚስቶቹ ለብቻቸው ሆነው ብሶታቸውን ማውራት ያዙ። በ1951 የደላላው ሚስት ሎይስ ዊልሰን ከጓደኛዋ ጋር ሆና የቤተሰቦቹን ማኅበር መሠረተች።

አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ወዳጅ አለችኝ። ወንድሟ አገር ቤት ይጠጣል። ለእንግዳ ክፍት የሆነ ስብሰባ ስታገኝ አብሬያት ገባሁ። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ተጣጣፊ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል፤ ጥግ ላይ ያረረ የሚመስል ቡና በትልቅ ፔርሙዝ ተቀምጧል። ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ብቻ ነው፤ የአባት ስም የለም። ትንሽ ቅርጫት ትዞራለች፤ ያለው አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል፣ የሌለው ያሳልፋል። የተወራውን እዚህ አልጽፍም፤ ሕጋቸው ነው። ያስገረመኝን ግን ልናገር። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ማንም አይመክረውም! «አመሰግናለሁ» ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። እኛ ጋ ቢሆን እኮ ሦስት ሰው ተነስቶ ጸበሉን፣ ዱዓውን፣ «ሚስት ዳሩለት»ን አዝንቦበት ነበር።

ደጋግመው የሚሏት ነገር አለች፦ እኔ አላመጣሁበትም፣ ልቆጣጠረው አልችልም፣ ላድነውም አልችልም። ወዳጄ ይህችን ይዛ ወጣች። በየወሩ ለወንድሟ በእጁ የምትልከው ብር አረቄ ቤት እንደሚያድር ታውቃለች። የምናውቅ ብዙ ነን፤ እምቢ ማለቱ ነው የሚከብደን። እሷ ኪራዩን በቀጥታ ለአከራዩ፣ አስቤዛውን ለባለሱቁ መላክ ጀመረች። ወንድሟ በስልክ አጥረግርጎ ሰደባት። እሱስ ይሁን። እናቷ ግን «ወንድምሽን ጣልሽው ወይ የኔ ልጅ?» አሏት።

የፈረንጁ ምክር ወሎ ሲደርስ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። «ዕዳውን አትክፈል፣ አትዋሽለት፣ ከነገሩ ራቅ በል» ማለት አሜሪካ ይሠራል፤ ሰውየው የራሱ ቤት አለው። ኮምቦልቻ ግን ያው ግቢ፣ ያው ድስት ነው። እናት ከወዴት ትራቅ?

በዚያ ላይ ነገሩ የሚጀምርበት መንገድ አይታይም። ጫቱን ማን ሱስ ብሎ ይቆጥረዋል? ዱዓው ላይም አለ፣ ቡናው ላይም አለ። ልጁ ከሰዓት ይመረቅናል፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይላል። ያቺ ጨብሲ ናት ውላ አድራ አረቄ የምትሆነው።

የወዳጄ እናት ልጃቸውን መጀመሪያ ጸበል ወሰዱት። ሲያገረሽበት ደግሞ ሼህ ዘንድ ዱዓ ሊያስደርጉለት ሄዱ። ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ነውና የገረመው ሰው የለም። በዚህ አልቀልድም። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሊሞት ይችላል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በሁለተኛ በሦስተኛው ቀን ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊያልበው ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መንፈሱ ሊለቀው ነው» ብሎ ይይዘዋል። የሚያስፈልገው ግን ሐኪም ነው፤ መድኃኒቱ ያለ ነገር ነው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበሉም ዱዓውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለቤተሰቡ የሚሆነውን ግን ከአሜሪካ ማስመጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቅሬ አባላቱን ቤት ለቤት ያውቃል፣ በየወሩ ይሰበሰባል፣ ሚስጥር የሚይዙ ትልልቅ ሰዎች አሉት። የጎደለው ሰው ሳይሞትም መምጣት ነው። ወዳጄ ለሰፈራቸው የቅሬ ዳኛ ደውላ ይህንኑ አነሳችላቸው። «እሱ የቤት ጉዳይ ነው ልጄ፤ ቅሬ ምን አግብቶት?» አሏት።

እሷም ለእናቷ ደወለች። ከሁለት ሦስት ሴቶች ጋር ቡና አፍልተው ስለዚሁ ብቻ እንዲያወሩ ለመነቻቸው፤ ምክር የለም፣ ከቤት የሚወጣ ወሬ የለም። «ማን ፊት ነው የማወራው?» ብለው ተቆጡ። ትንሽ ቆይተው ግን ልጃቸው እንደሳቸው ልጅ የሆነባቸውን ጎረቤቶች ስም ይቆጥሩላት ጀመር። አንደኛዋ የቅሬው ዳኛ ሚስት ናቸው።