ማስተካከያ፦ ውጭ አገር ሠርግ ለሚሄዱ እንግዶች ስለ ፓስፖርትና ቪዛ

ቀደም ብለን ባወጣነው መመሪያ «ፓስፖርቱ እስከ ሠርጉ ቀን ካገለገለ ይበቃል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ብዙ አገሮች ከሚገቡበት ቀን ጀምሮ 6 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ይጠይቃሉ። የሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች) ደግሞ የሚቆጥሩት ከመውጫው ቀን በኋላ 3 ወር ነው፦ ጁን 20 የሚወጣ እንግዳ ፓስፖርቱ ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 20 ማገልገል አለበት። በተጨማሪም በሚገባበት ቀን ፓስፖርቱ ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት፤ ይቺን ነው ብዙ ሰው የሚረሳት። ቀኑን የሚያየው መጀመሪያ አየር መንገዱ ስለሆነ፣ እንግዳው ሻንጣውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው፣ «የሸንገን ቪዛ ጉዞው 15 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይቻላል» ያልነው ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን እንደ ምክር ማቅረባችን ልክ አልነበረም። 15 ቀን የመጨረሻው ገደብ ነው። ውሳኔው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ 15 ቀን ይወስዳል፣ እስከ 45 ቀንም ሊራዘም ይችላል፤ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ማመልከቻ የሚቀበሉት ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ስለሆነ የጥሪ ካርዱ እንደደረሰ መጀመር ይሻላል። ካርዱ የጉዞውን ምክንያት ያሳያል እንጂ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ አይተካም።

ቲኬት ሲቆረጥም ሙሽሮቹ የሚጠሯችሁ የቁልምጫ ስም አይገባም። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች የላይኛውን አይታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል ቅዱ። ስለ ሻንጣና ስለ ልብስ የጻፍነው አልተለወጠም።