ለሮክ የጎደለን ስፒከር አይደለም

ሐዋሳ ላይ ሙሉ ባንድ የሚጫወትበት የሮክ ምሽት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ስፒከር እንከራይ?» የሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን «አዳራሹን ምን እናልብሰው?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

አብዛኞቹ አዳራሾች የተሠሩት ለሠርግና ለስብሰባ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጎኑ መስታወት። ድምፅ በሰከንድ 345 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 15 ሜትር ርቆ ካለ ባዶ ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ 30 ሜትር ስለሚሄድ ዘፋኙ ጋ የሚደርሰው 87 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህ እንደ ሁለተኛ ምት ይሰማል፤ ድራመሩም ሳያውቀው ይጎተታል። ስፒከር በተጨመረ ቁጥር የሚነጥረውም አብሮ ያድጋል። መፍትሔው ከመድረኩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ነው፤ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቢሰቀል ድምፁን የበለጠ ይውጣል። መጋረጃ ከሌለ ብርድ ልብስም ይሠራል። የቤዝን ጉምጉምታ ግን ጨርቅ አያስቆመውም፤ ለእሱ የቤዝ ስፒከሩን ከማዕዘን ማውጣት ይሻላል።

የደች ፓንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ሞዓ አንበሳ» አልበም ልብ ብላችሁ ስሙ። ጊታሮቹ ሻካራ ናቸው፤ ግን አጭር አጭር እየመቱ ቦታ ይለቃሉ፣ ሳክስፎኑም በዚያ ክፍተት ይሸልላል። ለእኔ ከፓንክ አልበሞች ሁሉ ለኛ መድረክ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ጉልበቱ የመጣው ከጩኸት ሳይሆን ከአመታቱ ነውና።

የኛ ጊታሪስቶች በተቃራኒው ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ምክንያቱም አላቸው፤ አምፑ (የጊታሩ ማጉያ) መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ጉልበታቸው ስለሚጮህ ራሳቸውን አይሰሙም። አምፑን ወንበር ላይ አውጥቶ ወደ ጆሯቸው ማዘንበል ነው። ያን ጊዜ ራሳቸው ይቀንሱታል። በትንሽ አዳራሽ የድምፁን ልክ የሚወስነው ድራሙ ነው፤ ጊታሩ ከሲምባሉ እንዳይበልጥ ይደረጋል፣ ዘፈኑ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይቀመጣል።

ማይክ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» (በ2012 እ.ኤ.አ. ቢል ላዝዌል ፕሮዲውስ ያደረገው) የሚወድ ወጣት እንደ እነሱ አራት ድምፃውያን ማሰለፍ ይፈልጋል። ደስ ይላል፤ ግን የተከፈቱት ማይኮች በእጥፍ በጨመሩ ቁጥር ማፏጨት (ከስፒከሩ የወጣው ወደ ማይኩ ተመልሶ ሲዞር የሚፈጠረው ጩኸት) ሳይጀምር ልንደርስበት ከምንችለው ድምፅ 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይቀንሳል። ከአንድ ወደ አራት ማይክ ስንሄድ 6 ዴሲቤል አጣን ማለት ነው። ስለዚህ ሳውንድ ማኑ የማይዘፍነውን ሰው ማይክ እየዘጋ መሥራት አለበት። ሌላው ጠላት የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ መጨበጥ ነው፤ ከኋላ የሚገባው ቀዳዳ ሲደፈን ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ወዲያው ያፏጫል። እጅ ከወንፊቱ በታች ይያዝ። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም፤ ሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ፊት ለፊት በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ። በዘፈን ቻናሎች ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥ፤ እዚያ ያለው የእግር ኳኳታና የቤዝ ፍሳሽ ነው።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ ዲጂታል ሚክሰር ጠፍቶ እንደገና ይነሳና ስፒከሩን ይደበድበዋል፤ ለሚክሰሩ ብቻ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) መመደብ ይበቃል። ፓወር አምፕ (ስፒከሮቹን የሚነዳው ማጉያ) መጨረሻ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ይዘጋል። ጊታሩ የ50 ኸርዝ «እምምም» ካሰማ አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ መስመር መሰካት ነው። አንዳንዱ የመሬት ሽቦውን ቆርጦ ይገላገለዋል። ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም፤ ዘፋኙ ከንፈሩን ማይክ ላይ፣ እጁን ጊታር ላይ አድርጎ ነው የሚቆመውና ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ) የሚደረገው በባዶ አዳራሽ ነው። ሕዝብ ሲገባ አካልና ልብስ ሹል ድምፆችን ይውጣሉ፤ ስለዚህ ሳውንድ ማኑ በመጀመሪያው ዘፈን ከሚክሰሩ ተነስቶ አዳራሹ መሃል ይቁም፣ የዘፈኑን ቃል ይለይ እንደሆነ ያድምጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው የድምፅ ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ቃሉ ካልተሰማ ሁሉንም ከመጨመር ይልቅ ቀድሞ የሚቀነሰው ጊታሩ ነው።