ማስተካከያ፦ «ደረጃ 1» ማለት አንደኛ ማለት አይደለም

ስለ ደሴ መሃል ከተማ ትምህርት ቤቶች ባወጣነው ጽሑፍ «ደረጃ 1 የተሻሉት ናቸው» ብለን ነበር። ተገልብጧል። የትምህርት ቤት ጥራት በሚለካበት በኢንስፔክሽን ምዘና ዝቅተኛው ደረጃ 1፣ ከፍተኛው ደረጃ 4 ነው። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 69.99 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89.99 ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። ቁጥሩ እንደ ተማሪ «ደረጃ» ስለሚነበብ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ እኛም ተሳስተናል።

«አዲስ ብሎክ ከተሠራ ደረጃው ከፍ ይላል» ያልነውም ልክ አይደለም። ክፍል፣ ዴስክ፣ መጽሐፍ፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት የሚመዘኑበት ግብዓት ድርሻው 25 በመቶ ብቻ ነው። ሂደት (እንደ መማር ማስተማሩ ያለው) 35፣ ውጤት (እንደ ተማሪዎች ውጤት ያለው) 40 ይይዛሉ። ለምሳሌ ያህል፣ በግብዓት 20፣ በሂደት 20፣ በውጤት 22 ያለው ትምህርት ቤት ድምሩ 62 ነው። ግንባታው ግብዓቱን 25 ሙሉ ቢያደርግለት እንኳ 67 ይደርሳል፤ ያው ደረጃ 2። የጎደለው ያለው ክፍል ውስጥ ነው፦ ደብተሩ ታርሟል ወይ? መምህሩ የኋላ ወንበር ላይ ያለውንም ይጠይቃል ወይ?

በነገራችን ላይ ሱፐርቪዥንና ኢንስፔክሽን ብለን የቀላቀልናቸውም ይለያያሉ። ሱፐርቫይዘር ይደግፋል፤ ደረጃ የሚሰጠው ኢንስፔክተር ነው።