የልኬት ደብተሩ ይጣል ወይስ ይቆይ?

አክስቴ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ትሰፋለች። በቀደም ደወለችና "ልጄ፣ ይሄን ደብተር ትቼ ሁሉንም ስልክ ላይ ብይዘው አይሻለኝም? ማስታወሻ መያዣ አፕ የሚሉት አለ አሉ" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ተማሪውም ነጋዴውም ይጠይቀኛል። ብዙዎቻችን ታዲያ ወዲያው የአፕ ስም እንጠራለን። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ መታየት ያለበት የሚጻፈው ነገር ነው። ቆይታችሁ የምትፈልጉት መረጃ ነው ወይስ እንዲገባችሁ ብላችሁ የምትጽፉት ትምህርት?

ቅዳሜ ሱቋ ሄጄ ደብተሩን አየሁት። ሽፋኑ በፕላስተር ተጠግኗል። በየገጹ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የተከፈለው ቀብድ አለ። ከጎኑ የጨርቁ ቁራጭ በስፒል ተይዟል። አክስቴ ቁራጯን በጣቷ ዳሰስ ስታደርጋት የማን ልብስ እንደሆነ ትነግራችኋለች። ችግሩ የሚመጣው ፍቼ ጫምባላላ ሲቃረብ ነው። ሱቁ ይሞላል፣ አንዷ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ትደውልና "ያምናው ልኬቴ አለሽ አይደል?" ትላለች፣ አክስቴ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ሦስት ደብተር ታገላብጣለች፣ የቆመው ሰው ይጠብቃል። አዲስ አበባ ያለችን ሴት ደግሞ እንደገና መለካት አይቻልም።

ስለዚህ ልኬቱ ስልክ ላይ ይግባ አልኳት። ለዚህ ሥራ አፕ ያዋጣል፣ ምንም አያከራክርም።

ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ገጠመን። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ አለቻት። እኔ "ፀሐይ" ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ "ጸሀይ" ብላ ፈለገች። የለችም። የተጠቀምንበት አፕ “ፀ”ን እና “ጸ”ን፣ “ሐ”ን እና “ሀ”ን አንድ አድርጎ አያይም። ከተማችን ራሷ ሐዋሳም ሀዋሳም አዋሳም ተብላ ትጻፋለች እኮ! በአማርኛ ማስታወሻ የምትይዙ ሰዎች ይሄን ከሁሉ አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ አንድ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ፈልጉና እዩ። እኛ መፍትሔ ያደረግነው የስልክ ቁጥር ነው። በየማስታወሻው አናት የደንበኛዋን ቁጥር እንጽፋለን፣ በመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች እንፈልጋለን።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ለ8 ሰዓት ቀጠሮ ማስታወሻ ደውል ሞላች። ስልኩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጮኸ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት የሆነው ለስልኩ 2 ፒኤም ነው። ይህን አንዴ ቁጭ ብሎ ያሳያት ሰው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን አካውንቱ ነው። የጉግል አካውንቷን የከፈተላት ስልኩን የሸጠላት ልጅ ነው። ፓስወርዱን አታውቀውም። ስልኩ ቢጠፋ፣ ባጃጅ ውስጥ ቢወድቅ፣ የዓመት ልኬት አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አፕ ከመጫናችን በፊት በራሷ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፈትን፣ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋ ቤቷ አስቀመጠች። ነጻው የጉግል አካውንት 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ለጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

የትኛው አፕ? ለእሷ ጉግል ኪፕን መረጥኩላት። ቀላል ነው፣ ነጻ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ትጽፍበታለች፤ ሲመለስ ራሱ ይልከዋል። ኖሽን ያምራል፣ አልክድም፤ ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት በቅጡ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ኤቨርኖት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በነጻ የሚጠቀሙትን በ50 ማስታወሻና በአንድ ደብተር (አፑ ውስጥ ማስታወሻዎች የሚሰበሰቡበት ማኅደር ነው) ወሰናቸው። የቆየውን ማየትና ማውጣት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ መጨመር ግን በክፍያ ሆነ። አክስቴ በአንድ ጫምባላላ ብቻ ከ50 በላይ ሰው ትለካለች። ነጻ የሆነ ነገር ነጻ ሆኖ ላይቀጥል ስለሚችል፣ ጽሑፋችሁን ጠቅልላችሁ ማውጣት መቻላችሁን ገና ስትጀምሩ አረጋግጡ። በዚህ በኩል ኦብሲዲያን ደስ ይለኛል፤ ማስታወሻው እዚያው ስልካችሁ ላይ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚቀመጥ በሌላ ፕሮግራምም ይከፈታል። ለአክስቴ ግን ይከብዳታል።

ልጇ ዩኒቨርሲቲ ናት። ለእሷ የሰጠሁት መልስ ሌላ ነው። መምህሩ ስላይድ ባሳየ ቁጥር በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ጋለሪዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ስላይድ በስላይድ ነው። "ስንቱን ደግመሽ አየሽው?" አልኳት። ዝም አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙለርና ኦፕንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች የአስተማሪውን ቃል እንዳለ ወደ መገልበጥ እንደሚያደሉ፣ ሐሳቡን በሚጠይቁ ጥያቄዎችም በእጅ ከጻፉት ዝቅ እንዳሉ አሳይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌሎች ጥናቱን ሲደግሙት ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም፣ ይሄም መነገር አለበት። እኔ ግን የማየው ፎቶ አንስታ ያልገለጠችውን ትምህርት ነው። እስክሪብቶ ያዢ፣ በራስሽ ቃል አሳጥረሽ ጻፊ፣ ከዚያ ከፈለግሽ ገጹን ፎቶ አንሺው አልኳት።

አክስቴ እስካሁን ወደ አርባ የሚጠጉ ደንበኞች አስገብታለች። የጨርቁን ቁራጭና የጥልፉን ንድፍ አሁንም ደብተሩ ላይ ታኖራለች፣ ማታ ሱቁን ስትዘጋ ገጹን ፎቶ ታነሳለች። የዱቤ ገጹን ግን ስልክ ላይ አላስገባም ብላለች። ደንበኛው በገዛ እጁ የፈረመበት ወረቀት ነው። እኔም አልተከራከርኳትም።