ማስተካከያ፦ የአባይ በረሃ መንገድ የክልል አይደለም
ባለፈው ጽሑፌ ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለውን የአባይ በረሃ መንገድ መጠገን የኦሮሚያና የአማራ ክልሎች ሥራ ነው ብዬ፣ ሁለቱንም በዚሁ አወዳድሬ ነበር። ተሳስቻለሁ። መንገዱ የፌዴራል ነው፤ የሚጠግነውም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ክልሎች የገጠር መንገዶችን ይይዛሉ፤ ከተሞች ደግሞ የውስጥ መንገዳቸውን። የመንገድ ፈንድ (ለመንገድ ጥገና የሚውለው ገንዘብ) ግን ለሦስቱም ይደርሳል፤ ነዳጅ በቀዳን ቁጥር ከምንከፍለው ላይ የሚሰበሰብ ነው። ይህን ያየሁት በፈንዱ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 66/1989 እና በመንግሥት ሰነዶች ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ሁለቱን ክልሎች ማወዳደሬ ውድቅ ነው። ደግሞም እዚያ ቁልቁለቱ ራሱ ይንሸራተታል። ደህና የነበረ አስፋልት ክረምት ሲወጣ ተሰንጥቆና አብጦ ይገኛል፤ ሹፌሮች ያውቁታል። በእኔ ጽሑፍ ተነሥታችሁ ለክልል ቢሮ አቤቱታ ልታስገቡ የነበራችሁ፣ ወደ ፌዴራሉ አዙሩት።