እቴጌ እሌኒ እናትም ነበሩ

እቴጌ እሌኒን ያነሳችሁበት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን እሳቸውን መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል በመላካቸው ብቻ ማንሳቱ ቅር አሰኝቶኛል። የሐድያው ገራድ (ገዥ) ልጅ ናቸው፤ በእስላም ቤት ተወልደው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ለከፍተኛ ማዕረግ በቅተዋል። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። ሌላዋ የንጉሡ ሚስት ጽዮን ሞገሳ ግን በንጉሡ ትእዛዝ ተገርፋ ስትሞት፣ ልጇ በእደ ማርያም ለነፍሷ ዕጣንና ጧፍ በድብቅ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር። አባቱ ሰምተው ያንንም ተቆጡ! ይህ ልጅ ሲነግሥ እሌኒን እንደ ወላጅ እናቱ አከበራቸው። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥም አገሩን በሞግዚትነት የያዙት እሳቸው ናቸው። የዚያን ጊዜ በዕድሜ ገፍተዋል። ጎጃም መርጡለ ማርያም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቅርጽ የወጣበት ድንጋይ ዛሬም አለ፤ እባካችሁ በሚቀጥለው ፎቶውን አውጡልን።