ቤቱ ከነነዋሪው

በዋሽንግተን ከተማ፣ በጆርጅታውን ሰፈር የምትኖር ወዳጄ የበሰበሰውን መስኮቷን በፕላስቲክ ለመለወጥ ብታመለክት፣ ከመንገድ የሚታይ ስለሆነ እንደ ቀድሞው ከእንጨት አሠሪው ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው ሕግ መሠረት የዚያን ሰፈር ቤቶች ውጫዊ ለውጥ አርክቴክቶች ያሉበት ቦርድ ይመረምረዋል፤ የቤቱን ውስጥ ግን ለባለቤቱ ይተዋል።

ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ በአዲስ አበባ ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው። በልጅነቴ እየተላክሁ የምገባበት ግቢ የእንጨት በረንዳው እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነበር። ከፒያሳው ፈረሳ በፊት ሄጄ ሳየው ከፊሉ በቆርቆሮ ተደፍኗል፤ በጣሪያው ላይ ሸራ ተዘርግቶ ድንጋይ ተጭኖበታል። ተከራይዋ እናት «ልጄ፣ እንዳላድሰው የኔ አይደለም፤ እንዳልተወው በላዬ ላይ ይወድቃል» አሉኝ። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በ1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰበሰበው ኪራይ ለእድሳት የማይበቃ፣ ተከራዩም በሰው ንብረት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ዋስትና የሌለው ሆኖ ቤቶቹ አረጁ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እኚህ እናት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። በስልክ ሳገኛቸው ያወሩኝ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ እድራቸው ነበር፤ ማን የት እንደገባ አያውቁም።

ይሁን እንጂ ጆርጅታውንን እንዳለ እንቅዳ አልልም። በዚያ የቤቶች ዋጋ እየናረ በሄደበት ዘመን ለትውልዶች የኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን አብዛኞቹ ለቀው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1816 የተመሠረተው ማውንት ዛየን የተባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬም ቆሟል፤ ምእመናኑ ግን በአብዛኛው እሑድ እሑድ ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ናቸው። ጡቡ ተጠብቆ ሰው ከሄደ ግማሹ ቅርስ ጠፍቷል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለቀሩት የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የሚወጣው የጥበቃ ዕቅድ በቤት ለቤት ቆጠራ ይጀመር፤ በረንዳውና ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ማን በምን ውል እንደሚኖር፣ በየትኛው እድር እንደታቀፈም ይመዝገብ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሐረር ጁገል ሰው የሚኖርበት ከተማ እንደመሆኑ፣ ቅርስና ኑሮ አብረው እንደሚሄዱ በገዛ አገራችን የሚታይ ነው። የጭቃና የእንጨት ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎች ሳያልቁ ለወጣቶች ያስተምሩ። እድሳቱ እስኪያልቅ ለጊዜው የሚነሣ ተከራይም ወደዚያው ቤት የመመለስ መብቱ፣ የሚከፍለው ኪራይ ጭምር ተጠቅሶ፣ ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ ይሰጠው።